ክሩ የተሰፋበት ጠርዝ

ያነበቡትን ለሌላው ማካፈል ደግ ነገር ነው። ግን የምናካፍለው መጠቆሚያ የሚነበበውን ጽሑፍ እንዳያውክ የት ይቀመጥ? ጥያቄው ከኢንተርኔት በፊት ብራና ላይ ተጠይቆ ነበር።

መሪጌታው መጽሐፉን ከማኅደሩ ያወጡት ቀስ ብለው ነው። ጠፍሩ በዕድሜ ብዛት ደርቋል፤ ቆዳው ዕጣን ዕጣን ይሸታል። ጉልበታቸው ላይ ካሳረፉት በኋላ ቅጠሎቹን አንድ በአንድ አልገለጡም። በሌባ ጣታቸው የተዘጋውን መጽሐፍ ጠርዝ ከዳር እስከ ዳር ዳሰሱት። ጠርዙ ላይ ቀይ፣ አረንጓዴና ቢጫ ክሮች እዚህም እዚያም ብቅ ብቅ ብለዋል። ቀዩ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። ክሩን ይዘው ቅጠሉን ገለጡት፤ የፈለጉት ሥዕል ፊት ለፊታቸው ወጣ።

«ዕልባት ነው፤ አባቶች ሰፍተውት ነው የቆየን» አሉኝ።

ጎንበስ ብዬ አየሁት። ክሩ በመርፌ አልፎ የተቋጠረው ከቅጠሉ መጨረሻ፣ ከጽሑፉ ዓምድ ሦስት ጣት ያህል ርቆ ነው። አንድም ፊደል አልነካም። መጽሐፉን ከመጀመሪያው የሚያነብ ሰው ክሩ መኖሩንም ላያስተውል ይችላል። ሥዕሉን የሚፈልግ ደግሞ ማንበብ ሳያስፈልገው ያገኘዋል። ሁለት ዓይነት አንባቢ አንድ መጽሐፍ ላይ ሳይገፋፉ ያድራሉ።

በዚያው ቀን ማታ አንድ ወዳጄ ስለ ጣና ሐይቅና ስለ እምቦጭ አረም የተጻፈ ጽሑፍ በስልኬ ላከልኝ። ጉዳዩ የሚያንገበግበኝ ስለሆነ ወዲያው ከፈትኩት። የመጀመሪያው አንቀጽ ውስጥ ሰባት ቃላት ሰማያዊ ሆነው ከሥራቸው ተሰምሮባቸዋል። ከሁለተኛው አንቀጽ ሥር «ይህንንም ያንብቡ» የሚል ሳጥን ተቀምጧል። ከሦስተኛው ሥር ሌላ ሳጥን አለ። መጨረሻው ላይ ጸሐፊው በሳምንቱ ያነበባቸውን ነገሮች ለማጋራት የለጠፋቸው አድራሻዎች ተደርድረዋል፤ አንዱ ብቻውን አምስት መስመር ይፈጃል። ጸሐፊው ብዙ እንደደከመ ያስታውቃል። ያነበበውን አልሰሰተም። እኔ ግን አራተኛው አንቀጽ ላይ ስደርስ ስለ ጣና እያነበብኩ አልነበረም፤ የትኛውን ልንካ የትኛውን ልለፍ እያልኩ ነበር።

የግል ምልክት የጋራ ሲሆን

ዕልባት የሚለው ቃል ኮምፒውተር ሳይኖር የነበረ ቃላችን ነው። አንባቢ ንባቡን ያቆመበትን ቦታ የሚያውቅበት ምልክት ማለት ነው፤ ክር፣ ሰንበሌጥ፣ ቁራጭ ወረቀት ሊሆን ይችላል። ክርክር ሲያበቃ «ጉዳዩ እልባት አገኘ» የምንለውም ማረፊያ ቦታ አገኘ ለማለት ነው። የኢንተርኔት ማሰሻዎች ወደ አማርኛ ሲመለሱ ተርጓሚዎቹ ይህን ቃል በመምረጣቸው መልካም አድርገዋል። አዲስ ቃል ቢፈጥሩ ኖሮ የክሩ ታሪክ ከእኛ ጋር አይሻገርም ነበር።

ዕልባት በባሕርዩ የግል ነገር ነው። ለሌላው የሚተላለፍ ሊሆን ይችላል የሚለውን ሐሳብ በዘመናዊ መልኩ ካሰቡት ሰዎች አንዱ አሜሪካዊው መሐንዲስ ቫኔቫር ቡሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1945 ባወጣው ጽሑፍ ሰነዶችን እርስ በርስ የሚያያይዝ የንባብ ጠረጴዛ በሐሳቡ ሠራ። ምሳሌው ዛሬም ያስገርማል፤ አንድ ሰው በመስቀል ጦርነት ጊዜ የቱርኮች አጭር ቀስት ከእንግሊዞች ረጅም ቀስት ለምን እንደበለጠ ያጠናል፤ ያነበባቸውን ሰነዶች አንዱን ከአንዱ እያሰረ እንደ ዱካ ያቆያቸዋል፤ ከዓመታት በኋላ ከወዳጁ ጋር ሲጨዋወት ያንን ዱካ እንዳለ ገልብጦ ይሰጠዋል። ቡሽ ለወዳጁ ያሰጠው ዝርዝር ብቻ አልነበረም። የሄደበትን መንገድ ነው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። ቴድ ኔልሰን በ1965 ሃይፐርቴክስት የሚለውን ስም አወጣ። ቲም በርነርስ ሊ በ1989 ጄኔቭ አጠገብ ባለው የሰርን የምርምር ማዕከል የዌብን ንድፍ አቀረበ። በ2003 ደግሞ ጆሽዋ ሻክተር የሚባል ፕሮግራመር ዴሊሸስ የተባለውን አገልግሎት ከፈተ፤ ሰዎች ዕልባቶቻቸውን የሚያስቀምጡበት፣ በአንዲት ቃል የሚፈርጁበትና ሌላው እንዲያያቸው የሚተዉበት ቦታ ነበር። ያሁ በ2005 ገዛው። ከዚያ በሌሎች እጅ እየተላለፈ ቆይቶ በ2017 ፒንቦርድ በተባለው ተወዳዳሪው ተገዛ። ልማዱ ግን አልሞተም። ዛሬ እኛ አገር በቴሌግራም ቻናል «ይህን አንብቡት» ብሎ ሊንክ የሚለጥፍ ሁሉ የዚያ ልማድ ወራሽ ነው።

አውሳብዮስ ያገኘው ብልሃት

የት ይቀመጥ የሚለውን ጥያቄ ግን እነዚህ ሰዎች አልጀመሩትም። ጥያቄው በግልጽ ተነሥቶ መልስ ያገኘበትን አንድ ጥንታዊ ሥራ ለማየት ዓድዋ አጠገብ ወዳለው የአባ ገሪማ ገዳም መውጣት ያስፈልጋል።

በገዳሙ ትውፊት አባ ገሪማ እዚያ የሚገኘውን የብራና ወንጌል በአንድ ቀን ጽፈው ጨርሰዋል፤ እስኪጨርሱም ፀሐይ እንዳትጠልቅ እግዚአብሔር አቁሞላቸዋል። የብራናው ቁራጭ በኦክስፎርድ በካርቦን ሲመረመር ዕድሜው ከአራተኛው እስከ ሰባተኛው ምዕተ ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ አረፈ። በሥዕል ያጌጡ እስከ ዘመናችን የደረሱ የክርስትና መጻሕፍት ሲቆጠሩ ከጥንታውያኑ ተርታ ይሰለፋል። ብዙ ሰው ስለ ዕድሜውና ስለ ሥዕሎቹ ሰምቷል። ከወንጌሉ ጽሑፍ በፊት ያሉት ገጾች ላይ፣ ወፎች ከአናታቸው ባረፉባቸው የተሣሉ ዓምዶችና ቅስቶች መካከል፣ የተጻፉት ቁጥሮች ምን እንደሚሠሩ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ጌጥ ይመስላሉ። ሥራ አላቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አራቱ ወንጌላውያን አንዳንዱን ታሪክ አራቱም፣ አንዳንዱን ሦስቱ፣ አንዳንዱን ሁለቱ፣ አንዳንዱን አንዱ ብቻ ይተርኩታል። አምስቱ እንጀራና ሁለቱ ዓሣ አራቱም ጋ አለ። የጠፋው ልጅ ምሳሌ ሉቃስ ጋ ብቻ ነው። አንባቢ ማቴዎስን እያነበበ «ይህን ዮሐንስ እንዴት ተናገረው?» ማለቱ አይቀርም። አሞንዮስ የተባለ የእስክንድርያ ሊቅ ለዚህ አንባቢ አስቦ አንድ ሥራ ሠራ። የማቴዎስን ወንጌል እንዳለ አስቀመጠና ከየታሪኩ ጎን የሦስቱን ተመሳሳይ ክፍል እየቆረጠ አመጣ። ማቴዎስ ደኅና ተነበበ። ማርቆስ፣ ሉቃስና ዮሐንስ ግን ተከታትለው የሚነበቡ መሆናቸው ቀረ።

በአራተኛው ምዕተ ዓመት የቂሣርያ ኤጲስ ቆጶስ የነበረው የታሪክ ጸሐፊው አውሳብዮስ ያስጨነቀው ይኸው ነው። ቀርጵያኖስ ለተባለ ወንድም በጻፈው ደብዳቤ የአሞንዮስን ድካም ያመሰግናል፤ ቀጥሎ ግን የሦስቱ ወንጌሎች የንባብ ቅደም ተከተል እንደፈረሰ ይናገራል። የየወንጌሉ አካልና ሥርዓት ሳይነካ እንዴት ማመሳከር ይቻላል? ያገኘው ብልሃት እጅግ ቀላል ነው። እያንዳንዱን ወንጌል በክፍል በክፍል ቆጠረው፤ ማቴዎስ 355፣ ዮሐንስ 232 ክፍል ወጣላቸው። የክፍሉን ቁጥር ኅዳጉ ላይ በጥቁር ጻፈ። ከሥሩ ከአንድ እስከ ዐሥር ያለ ሌላ ቁጥር በቀይ አስቀመጠ። ቀዩ ቁጥር የሚነግረው ከመጽሐፉ ፊት ካሉት ዐሥር ሰንጠረዦች የትኛውን ማየት እንዳለብህ ነው። አንደኛው ሰንጠረዥ አራቱም የተስማሙበት ነው፤ ዐሥረኛው እያንዳንዱ ለብቻው የተናገረው። ሰንጠረዡን ገልጠህ ቁጥርህን ስታገኝ በዚያው ረድፍ የሌሎቹ ቁጥር ተጽፎልሃል።

> አካሉ ሳይነካ ማመሳከሪያው ኅዳግ ላይ አደረ፤ የፈለገ ሄዶ ይመለሳል፣ ያልፈለገ ንባቡን ይቀጥላል።

ዛሬ የለመድነው የአዲስ ኪዳን የቁጥር አከፋፈል የመጣው እ.ኤ.አ. በ1551 ነው። አውሳብዮስ ከዚያ ከ1200 ዓመት በላይ ቀድሞ ሰውን ከአንድ ገጽ ወደ ሌላ የሚወስድ ሥርዓት ዘረጋ። የኛ አባቶች ደግሞ ደብዳቤውንም ሰንጠረዡንም ወደ ግእዝ መለሱት፤ ቁጥሩን በ፩ በ፪ ጻፉት፤ በቅስትና በወፍ አጀቡት። ማመሳከሪያው አስቀያሚ መሆን አለበት ብሎ የነገራቸው አልነበረም። የዛሬዎቹ የ«ይህንንም ያንብቡ» ሳጥኖች ሲያስመርሩኝ ትዝ የሚለኝ ይህ ነው፤ መጠቆሚያ ራሱን የቻለ ቦታ ሲሰጠው ያምራል፣ ቦታ ሲነፈገው ግን የሌላውን ቦታ ይሻማል።

ምስክርና ስንቅ

እ.ኤ.አ. በ2010 አሜሪካዊው ደራሲ ኒኮላስ ካር ሊንክ አንባቢን ያዘናጋል የሚል ክርክር አንሥቶ ነበር። ሰማያዊ ቃል ባየን ቁጥር አእምሯችን ልንካው ወይስ ልለፈው የሚል ትንሽ ውሳኔ ይወስናል፤ ውሳኔው ሲደጋገም ንባቡ ይሳሳል ይላል። ስለዚህ ሊንኮችን ከጽሑፉ መጨረሻ እንሰብስባቸው የሚለውን ሐሳብ አነሣ። የተቃወሙት ደግሞ ሊንክ ከቃሉ ሲርቅ ጸሐፊው ለተናገረው ማስረጃ አያሳይም አሉ። ሁለቱም ወገን እውነት አለው። የተለያዩት፣ እንደኔ እንደኔ፣ ሁለት የተለያየ ነገር በአንድ ስም እየጠሩ ስለተከራከሩ ነው።

አንዱን ምስክር እለዋለሁ። «የሐይቁ ይህን ያህል ክፍል ተሸፍኗል» ያለ ጸሐፊ ይህን ከየት እንዳገኘው እዚያው ቃሉ ላይ ማሳየት አለበት። ምስክር ከተናጋሪው አጠገብ ነው የሚቆመው፤ ችሎት ካበቃ በኋላ ቢመጣ ዋጋ የለውም። ሌላውን ስንቅ እለዋለሁ። «ይህን ወድጄዋለሁ፣ አንተም ብታነበው» ብለን የምናካፍለው ዕልባት ስንቅ ነው። ስንቅ ለመንገድ ነው፤ ተቋጥሮ ሲነሡ ይያዛል። ሰው እየበላ ሳለ ማዕዱ ላይ የነገውን ስንቅ መደርደር እንግዳን ማስጨነቅ ነው።

ያ የጣና ጽሑፍ ያደከመኝ ስንቁን ከምስክሩ ጋር ስላደባለቀው ነው። ከሰባቱ ሰማያዊ ቃላት ሁለቱ ምስክር ነበሩ። አምስቱ፣ ጸሐፊው ስለ ዓሣ ማስገር፣ ስለ ደሴቶቹ ገዳማት፣ ስለ ታንኳ አሠራር ያነበባቸው ውብ ጽሑፎች ነበሩ። በኋላ አንድ በአንድ አነበብኳቸው። ሁሉም ይነበባሉ። ከጽሑፉ ማብቂያ በኋላ፣ ሰፋ ያለ ባዶ ቦታ ተትቶ፣ በራሳቸው ርዕስ ሥር ቢቀመጡ ኖሮ መጀመሪያ ቀን አነባቸው ነበር።

የፊደላችን እግር

ሊንክን በሰማያዊና ከሥር በተሰመረ መስመር ማሳየትን እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው ሞዛይክ የተባለው ማሰሻ አስለመደ። በላቲን ፊደል ለሚጻፍ ቋንቋ ችግሩ ትንሽ ነው። የኛ ፊደል ግን ብዙ ጊዜ ትርጉሙን የሚሸከመው እግሩ ላይ ነው።

«በ» ላይ ከቀኝ እግሩ ግርጌ ትንሽ ጭረት ሲጨመር ቢ ይሆናል። ቀለበት ሲጨመር ቤ ይሆናል። ሰ፣ ሲ፣ ሴ እንዲሁ፤ ነ፣ ኒ፣ ኔ እንዲሁ። አሁን ከእነዚህ እግሮች ሥር ተጠግቶ መስመር ሲሰመር ጭረቱ ከመስመሩ ጋር ይዋሐዳል። «ቢመጣ» እና «በመጣ» በትንሽ ስልክ፣ በትንሽ ፊደል፣ በፀሐይ ብርሃን ተሰምሮባቸው ሲታዩ ዓይን ይሳሳታል። አንዱ ገና ያልሆነ ነገር ነው፤ ሌላው ሳይሆን ያለፈ ምኞት ሊሆን ይችላል። የትርጉም ልዩነቱ የአንዲት ጭረት ያህል ነው።

የአማርኛ ገጾችን የሚሠራ አንድ ባለሙያ ይህን ሳነሣበት ኮምፒውተሩን ወደኔ አዞረው። መስመሩን ሁለት ነጥብ ያህል ወደ ታች አወረደው፤ አቀጠነው፤ ቀለሙን ከፊደሉ ቀለም አፈዘዘው። እግሮቹ ተነፈሱ። «ለእንግሊዝኛ የተሠራውን እንዳለ ስለምንወስደው ነው» አለ። መስመሩን ፈጽሞ አጥፍቶ በቀለም ብቻ መለየት ግን አይመክርም፤ ቀለም የማይለዩ አንባቢዎች አሉና ሊንኩ ይጠፋባቸዋል።

ሌላው መከራ የአድራሻው ርዝመት ነው። የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ወደተባለው የኮምፒውተር ፊደላት ሥርዓት ከገባ ወዲህ የገጽ አድራሻ በፊደላችን ሊጻፍ ይችላል። አድራሻውን ቀድተው ሌላ ቦታ ሲለጥፉት ግን ብዙ ጊዜ መልኩ ይለወጣል። እያንዳንዱ የግእዝ ፊደል በኮምፒውተሩ ውስጥ ሦስት ባይት ይይዛል፤ እያንዳንዱ ባይት ደግሞ በአንድ የፐርሰንት ምልክትና በሁለት ቁምፊዎች ይጻፋል። አንድ ፊደል ዘጠኝ ቁምፊ ሆነ ማለት ነው። ኢትዮጵያ የሚለው ባለ አምስት ፊደል ስም አርባ አምስት ቁምፊ ይሆናል። ያንን አምስት መስመር የፈጀ አድራሻ የሠራው ይህ ነው። ያውም ማንም ሊያነበው አይችልም፤ ለማሽን ብቻ የተጻፈ ነውና። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ቴሌግራምን ጨምሮ ብዙዎቹ መጻፊያዎች አድራሻውን ከቃል ጀርባ ለማኖር ይፈቅዳሉ። አንባቢው ርዕሱን ያያል፤ አድራሻው ከኋላ ይሠራል።

የትኛው ቃል ጀርባ ይሁን የሚለው ግን ማስተዋል ይጠይቃል። «እዚህ ይጫኑ» የሚለው ሐረግ በአማርኛ ገጾች ላይ እንደ አሸን ፈልቷል። ማየት የተሳናቸው አንባቢዎች የሚጠቀሙበት በድምፅ የሚያነብ ሶፍትዌር በገጹ ላይ ያሉ ሊንኮችን ለይቶ መዘርዘር ይችላል። «እዚህ ይጫኑ፣ እዚህ ይጫኑ፣ እዚህ ይጫኑ» ተብሎ ሲዘረዘርለት ሰውየው ምን ይምረጥ? ቁም ጸሐፊዎቻችን የእመቤታችንን ስም በቀይ ሲጽፉ ስሙ የዓረፍተ ነገሩ አካል ሆኖ ነው የሚቀላው። ቀይነቱን ብናነሣው ንባቡ አንዳች አይጎድልበትም። የሊንክ ቃልም ሰማያዊነቱን ብናነሣው ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሆኖ መቆም አለበት።

ንባቡን የያዘ ተማሪ

«የኛስ አንድምታ?» ብሎ የሚከራከረኝ አይጠፋም። አንዲት መስመር ግእዝ ይነበባል፤ ከዚያ ትርጓሜው ይመጣል፤ «አንድም» ተብሎ ሌላ ይከተላል፤ ደግሞ «አንድም»። በመካከል ታሪክ ይገባል፣ ሐተታ ይገባል። ንባቡና ትርጓሜው ተብለው የታተሙት መጻሕፍት ላይ አንዱ ጥቅስ ከሚቀጥለው ጥቅስ ጋር የሚገናኘው አንዳንዴ ከገጽ በኋላ ነው። ይህ የአሞንዮስ ስህተት አይደለምን?

አንድ የመጻሕፍት ቤት መምህር ይህን ስጠይቃቸው መልሳቸው አጭር ነበር። «ልጄ፣ ትርጓሜ ቤት የሚገባ ንባቡን በቃሉ ይዞ ነው።» የሥርዓቱ ምሥጢር እዚህ ላይ ነው። ተማሪው አስቀድሞ ንባብ ቤት ቆይቷል፤ ዳዊቱን እስኪደግመው ድረስ አንብቧል። ዜማውን፣ ቅኔውን አልፎ ነው ወደ ትርጓሜ የሚመጣው። ጥቅሱ በየመስመሩ ቢቆራረጥ ተማሪው አይቆራረጥበትም፤ ሙሉው ውስጡ አለ። መምህሩ ሲያቋርጡት የሚያቋርጡት የሚያውቀውን ነው።

የኛ አንባቢ ግን ጽሑፋችንን ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የሚያየው። ምናልባትም ለመጨረሻ ጊዜ። በየመስመሩ «አንድም ይህን ተመልከት፣ አንድም ያንን» ስንለው ገና ያልያዘውን ነው የምናስጥለው።

ከሊንኩ ጋር ሁለት ዓረፍተ ነገር

ባሕር ዳር ያለ አንድ ወጣት የንባብ ቻናል አለው። ሥራው ያነበበውን ማካፈል ነው። መጀመሪያ አካባቢ በቀን ዐሥር ዐሥራ አምስት ሊንክ ያለ አንዳች ቃል ይለጥፍ ነበር። አባላቱ አልወጡም፤ ድምፁን አጠፉት። ማንም እንደማይከፍታቸው የገባው አንድ ጓደኛው «የምትልከውን አንተ ራስህ አንብበኸዋል?» ብሎ ሲጠይቀው ነው። አሁን ዓርብ ማታ ብቻ ይለጥፋል፤ አምስት አይሞላም። ከእያንዳንዱ ጋር ሁለት ዓረፍተ ነገር ይጽፋል። የመጀመሪያው ጽሑፉ ስለምን እንደሆነ፣ ሁለተኛው እሱን ምን እንደያዘው ይናገራል። ቪዲዮ ካለበት ከባድ መሆኑን ያስጠነቅቃል።

ይህ የመጨረሻው ለኛ ትልቅ ነገር ነው። ዋይፋይ ያለው አንባቢ ሊንክ ነክቶ ካልወደደው ይመለሳል። በሞባይል ዳታ የሚያነብ ሰው ግን ለእያንዳንዱ ንክኪ ከፍሏል። የሳምንት ጥቅሉን ቆጥቦ የሚጠቀም ተማሪ ከርዕሱ ሌላ ነገር የሌለበት ገጽ ከፍቶ ማስታወቂያ ሲዘንብበት የተጎዳው በገንዘብም ጭምር ነው። ዱባይ ሰው ቤት የምትሠራ አንዲት እህት ደግሞ የሚያንሳት ጊዜ ነው። ስልኳን የምታገኘው ሌሊት፣ ሥራ ሲያልቅ፣ ለአንድ ሰዓት ያህል ነው። «ምን እንደሆነ ጻፉልኝ፤ ካልሆነ ቤተሰቤን ማነጋገር ይሻለኛል» አለችኝ።

> ሁለት ዓረፍተ ነገር መጻፍ ያቃተው ሰው ጽሑፉን ገና አላነበበውም።

ሊንክን በራሱ ጊዜ፣ በራሱ ቦታ፣ ቁጥሩን ወስኖ ማቅረብ ምስጋና የማይጠየቅበት ትሕትና አለው። የወጣቱ ቻናል ላይ ረዘም ያሉ የራሱ ጽሑፎችም አሉ፤ እነዚያ ውስጥ ምስክር ካልሆነ በቀር ሊንክ አያስገባም። ዓርብ ዕለት የሚመጡት ደግሞ የዓርቡን ብቻ ብለው ነው። ከውጭ ሲታይ ጥቃቅን የአቀማመጥ ጉዳይ ይመስላል። ግን ሁለቱም ዓይነት ጽሑፍ ሲነበብ ያየሁት ቻናል እሱ ነው።

ስለ ቅደም ተከተልም አንድ ነገር ልበል። የምናጋራቸውን ዕልባቶች ብዙዎቻችን የምንደረድራቸው ባገኘንበት ቀን ነው፤ አዲሱ ከላይ፣ አሮጌው ከታች። ለሚሰበስበው ይመቻል። አንባቢው ግን የቡሽን ዱካ ነው የሚፈልገው፤ የትኛውን አስቀድሜ ባነብ ሌላው ይገባኛል የሚለውን። ሦስት ሊንክ በሚነበቡበት ቅደም ተከተል ቢቀመጡ በዕለት ቅደም ተከተል ከተደረደሩ ሠላሳ ሊንኮች ይሻላሉ።

ክሩ ሲበጠስ

ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ጥናት መሠረት በ2013 ከነበሩ የዌብ ገጾች ውስጥ 38 በመቶ ያህሉ ከዐሥር ዓመት በኋላ አይገኙም። ከሦስት ከአንድ በላይ ማለት ነው። ስንቅ ብለን የቋጠርነው ዳቦ ሲፈታ ባዶ ጨርቅ ሆኖ ይገኛል። ያሳጠርነው አድራሻ ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው፤ የሚያሳጥረው ድርጅት አገልግሎቱን ሲዘጋ ጽሑፉ በሕይወት እያለ መንገዱ ይሞታል፤ ወዴት ይወስድ እንደነበርም አይታወቅም።

እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ኢንተርኔት አርካይቭ የተባለው የበጎ አድራጎት ተቋም የዌብ ገጾችን እየገለበጠ ያስቀምጣል፤ አንድን ገጽ እንዲያስቀምጥልን እኛም መጠየቅ እንችላለን። ግን ከዚያ በፊት በእጃችን ያለ ነገር አለ። የጸሐፊውን ስም፣ የጽሑፉን ርዕስና የወጣበትን ቀን ከሊንኩ ጎን መጻፍ። ሊንኩ ቢሞት አንባቢው በስሙ ይፈልገዋል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ስለ ቡና አንድ ጽሑፍ ሳዘጋጅ ዐሥራ ሁለት ዕልባቶች ከአድራሻቸው በቀር ምንም ሳልጽፍባቸው አስቀምጬ ነበር። ስመለስ አምስቱ አልነበሩም። አንዱ ስለ ከፋ ጫካ የሚያወራ እንደነበር ብቻ አስታውሳለሁ። ማን ጻፈው፣ መቼ፣ በምን ርዕስ፣ አልያዝኩም። እስከዛሬ እፈልገዋለሁ።

መሪጌታው ዘንድ የተመለስኩት ይህን ለመጠየቅ ነበር። ክሩ ሲበጠስ ምን ያደርጋሉ?

መጽሐፉን እንደገና ከማኅደሩ አወጡት። ወደ መጨረሻው ገደማ አንድ ቅጠል ገልጠው ጠርዙን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሡት። ክር የለም። ነገር ግን ሁለት የመርፌ ቀዳዳዎች ጎን ለጎን ብርሃን ያሳልፋሉ። አጠገባቸው፣ ኅዳጉ ላይ፣ በቀጭን ብዕር የወር ስም ተጽፏል፤ ክፍሉ የሚነበብበት ወር ነው።

«ክሩ ቢጠፋ ጽሕፈቱ አለ» አሉ። «ጽሕፈቱ ቢደበዝዝ ቀዳዳው አለ።»

ከመስኮቱ ደፍ ላይ ከተቀመጠ ጣሳ ውስጥ መርፌና አረንጓዴ ክር አወጡ። ክሩን ምራቃቸውን አስነክተው አሾሉት፤ ዓይናቸው ደክሟልና መርፌው ውስጥ ያስገባሁላቸው እኔ ነኝ። ቅጠሉን በግራ እጃቸው ይዘው በአሮጌው ቀዳዳ አሳለፉት። አዲስ አልበሱም። ቋጠሩት፤ ትርፉን በጥርሳቸው በጠሱት። ከዚያ መጽሐፉን ዘግተው ጣታቸውን በጠርዙ ላይ አንድ ጊዜ አሳለፉ፤ አረንጓዴው ላይ ቆም አሉና ጠፍሩን ማሰር ጀመሩ።